የሠርግ ጥሪና የስብሰባ ግርጌ

ልጄ ኮምፒውተር ልታስተምረኝ በተቀመጠች ቁጥር መሳቋ አይቀርም። «እማዬ፣ ይቺንና ይቺን አንድ ላይ ስትጫኚ ይገለበጣል፤ ይቺንና ይቺን ስትጫኚ ደግሞ የፈለግሽው ቦታ ይለጠፋል። አለቀ! ሁለተኛ መጻፍ የለም» ትለኛለች፣ ራሷ የፈለሰፈችው ይመስል። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልተፈጠረልኝም። «አንቺ ሳትወለጂ እኔ በምላጭ ቆርጬ በቀለም እለጥፍ ነበር» እላታለሁ። «እሺ እማዬ» ትለኛለች። እሺታዋ «ተረትሽን ተይን» ማለት መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? እንግዲያው ቁጭ ብዬ ልጻፍላት።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ጎንደር ፒያሳ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ በደንቡ ላይ ብዙ ነው፤ እኔ የማውቀው ግን ስብሰባ መጥራቱን ነው። የውይይት ክበብ ስብሰባ፣ የሠራተኛ ስብሰባ፣ የዘመቻ ስብሰባ፣ ያለፈውን ስብሰባ የሚገመግም ስብሰባ። ለሁሉም ጥሪ ይጻፋል፤ የሚጽፈው ደግሞ የእኔ ጣት ነው። የጥሪው አናት እንደ ስብሰባው ይለያያል፤ ግርጌው ግን እንደ አቡነ ዘበሰማያት አይለወጥም ነበር፦ «በተባለው ቀንና ሰዓት ተገኝተው ስምዎን ያስመዝግቡ። ባይገኙ ኃላፊነቱን ራስዎ ይወስዳሉ። አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!»

በዚያ ጊዜ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና እንደ ዛሬው ነካ ነካ የሚያደርጉት ነገር አልነበረም። አንዷን ፊደል ለማውጣት መጀመሪያ አካሏን ትመታላችሁ፣ ከዚያ እግሯን ወይም ቀለበቷን ፈልጋችሁ ትቀጥሉላታላችሁ። «አብዮታዊት» የምትለዋን ቃል ብቻ እስክጨርስ ትንሿ ጣቴ ትቃጠላለች። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድን ነገር ድገሚ ስባል ደሜ የሚፈላ ሴት ነኝ። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ያሳደገችኝ በከንቱ አይደለም።

እናም አቋራጭ ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ ቀኑና ቁጥሩ የሚያርፉበትን ቦታ ከመኪናው ጀርባ ባሉት ማቆሚያዎች ቆለፍኩ፤ አንዲት ቁልፍ ስጫን ወረቀቱን የተሸከመው ክፍል ራሱ ሮጦ ሄዶ እዚያው ቀጥ ይላል። ጠዋት ሌላው ሻይ ሲጠጣ እኔ ወረቀትና ካርቦን እያነባበርኩ አዘጋጃለሁ፤ «ቶሎ!» ስባል ለመኪናው ማጉረስ ብቻ ነው። ዋናው ብልሃቴ ግን ስቴንስሉ ላይ ነበር።

ስቴንስል ለማታውቁ፣ ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። የጽሕፈት መኪናው ፊደል ሰሙን ይበሳዋል። ከዚያ ማባዣው ላይ ይወጠርና እጀታው ሲዞር ቀለሙ በብሱ እያለፈ በየወረቀቱ ላይ ይታተማል። አንድ ቀን ያገለገለ ስቴንስል ልጥል ስል «ቆይ እስቲ፣ የዚህ ግርጌ ምን ሆነና ነው የምጥለው?» አልኩ። ግርጌውን በምላጭ ቆረጥኩት። የአዲሱን ስቴንስል ታችም ቆርጬ አወጣሁና በምትኩ አሮጌውን ግርጌ የተሳሳተ ፊደል በምንደፍንበት ማረሚያ ቀለም አጣበቅሁት። ሲደርቅ ያዘ! የዚያን ቀን ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ወዲያ ግርጌ የተለጠፈላቸውን ስቴንስሎች አስቀድሜ እያዘጋጀሁ መሳቢያዬ ውስጥ እደረድር ጀመር። ጥሪ ሲመጣ አናቱን ብቻ ጠቅ ጠቅ አድርጌ እሰጣለሁ። ኃላፊያችን፣ ሲበዛ ኮስታራ ግን ሆዳቸው ገር የሆነ ሰው፣ «ይቺ ልጅ ጣት ነው ወይስ ሞተር ያላት?» ይሉኝ ነበር። ሚስጥሬን ከአንዲት ጓደኛዬ በቀር ለማንም አልነገርኩም።

ጓደኛዬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። የወገራ ደጋ ልጅ ናት፤ ለትምህርት ወደ ከተማ መጥታ ሥራ ይዛ ቀረች። ቁስቋም ከእናቴ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ እንደ እህቴ ሆና ትኖር ነበር። የስቴንስሉ ማረሚያ ቀለም ቀይ ነው፤ እሷ ታዲያ ከእኔ ጠርሙስ እየሰረቀች ጥፍሯን ትቀባበታለች። «አብዮቱን ጥፍርሽ ላይ አደረግሽው!» እያልኩ እጮህባታለሁ፤ እሷ ትስቃለች። ያን ሳቋን የሰማው የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር፣ የአዘዞ ልጅ፣ ወደደና ሽማግሌ ላከ።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። አባቷ በአገራቸው የተከበሩ ገበሬ ናቸው፤ ለልጃቸውም ከጎረቤት መንደር ያሰቡላት ሰው ነበራቸው። ሾፌር ነው ሲባሉ ደማቸው ፈላ። «የሾፌር ቤቱ ጎማ ነው! ያን መሪ ጨባጭ ካገባች በሠርጓ ቀን ጎንደርን ብረግጥ ማርያም ትፍረድብኝ!» ብለው በንስሐ አባታቸው ፊት ተገዘቱ። ግዝት ቀልድ አይደለም። በእኛ አገር ሰው ንብረቱን ጥሎ ይሄዳል እንጂ ግዝቱን ጥሎ አይሄድም።

ኋላ ሽማግሌ ሲመላለስ፣ ልጁም ጨዋ መሆኑን ሲሰሙ፣ የሰውየው ልብ ራራ። «አፌ ቀደመኝ። ልጁስ ሸጋ ልጅ ነው አሉ፤ ያግባት፣ መርቄያለሁ በሏት። እኔ ግን ግዝት አለብኝ፣ አልመጣም» ብለው መልእክት ላኩ። ለሌላው ሰው ይሄ ደግ ወሬ ነው። ጓደኛዬ ግን ማልቀስ ጀመረች። «በሽማግሌ አፍ ተመርቄ ልውጣ? የአባቴን ጉልበት ሳልስም ነው እኔ የምዳረው?» ትላለች። እሳቸው ካልመጡ ደግሞ ዘመድ አዝማዱም እሳቸውን አፍሮ እንደማይመጣ ታውቃለች። የሙሽራዋ ወገን የሚቀመጥበት ዳስ ባዶውን ሲውል ታያት። እናቴ እንኳ፣ ሁሉን ነገር በተረት የምትፈታው ሴትዮ፣ ተረቷን ትታ እንባዋን በነጠላዋ ትጠርግላት ገባች።

ጥር ገባ፤ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። የከተማው ማተሚያ ቤት በሠርግ ጥሪ ተጨናንቆ «ከጾም በኋላ ኑ» አለን። ከጾም በኋላ ምን ሊደረግልን! ኃላፊያችንን ለመንኳቸው፤ «ከሥራ ሰዓት ውጭ ከሆነ እኔ አላየሁም» አሉ። ሙሽራው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ይዞ ወደ ዳባት ስለሚሄድ፣ የወገራ ዘመዶችን ጥሪ ያን ዕለት ጨርሰን ልንሰጠው ግድ ሆነ። ባይመጡም መጠራት አለባቸዋ! አልጠሩንም ተብሎ ሌላ ቂም ሊያዝ ነው?

ሥራ እንዳለቀ መሳቢያዬን ከፍቼ ስቴንስል መዘዝኩ፣ ፊደሉ ሰሙን እንዲበሳው ባለቀለሙን ሪባን ነቀልኩ፣ ጠቅ ጠቅ አደረግሁ። በእናቴ ስም ነው የጻፍነው፤ አጭርና ጨዋ ጥሪ፣ ከወረቀቱ እኩሌታ አይበልጥም። ማባዣው ክፍል መስኮት የለውም፤ መብራት ደግሞ እንደ ልማዱ ጠፋ። ሻማ እንዳናበራ ወረቀት ነው፤ ሰዓት እላፊውም ያሳስበናል። በደጃፉ በምትገባ ጭላንጭል እኔ እጀታውን ሳዞር፣ እሷ እየተቀበለች ስትደረድር፣ ስንሳሳቅ ጨረስን። የገጠሩን እርጥቡን በጋዜጣ ጠቅልለን ለሙሽራው ሰጠነው። የከተማውን እንዲደርቅ ቢሮዬ ውስጥ ዘርግተን ወደ ቤት ሮጥን።

በማግስቱ ጠዋት ጓደኛዬ አንዱን አንስታ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። እኔም ሄጄ በትከሻዋ ላይ አየሁ። «…የልጃችን ሠርግ ስለሆነ እሑድ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ቁስቋም ከሚገኘው ቤታችን ተገኝተው ምሳ እንዲበሉልን በአክብሮት እንጠራለን» ይላል። ከሥሩስ? ከሥሩ «በተባለው ቀንና ሰዓት ተገኝተው ስምዎን ያስመዝግቡ። ባይገኙ ኃላፊነቱን ራስዎ ይወስዳሉ። አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!»

በስመ አብ! ለካ እጄ በልማዱ ግርጌ ከተለጠፈላቸው አንዱን መዞ ኖሯል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ምን ላድርግ፣ «ምሳ ብሉ ወይም ሞት» የሚል ሠርግ አይቼ አላውቅማ። ዞር ስል ግን እሷ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች። «አባቴ በመንግሥት ያስፈራራሁት ይመስለዋል! ምርቃቱንም ያነሳብኛል!» አለች። ሳቄን ትቼ አቀፍኳት። ሙሽራው እንደሆነ ይሄኔ ወገራን እያቋረጠ ነው፤ በምን ይደረስበታል? ያለን መቀስ ነው። የከተማውን ጥሪ ግርጌ አንድ በአንድ እየቆረጥን፣ ሰው እንዳያየው ቦርሳዬ ውስጥ ስንከት ዋልን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እናቴ ስትሰማ ይቺኑ ብላ ተገላገለች።

ሙሽራው ከዳባት ሲመለስ ደግሞ ጭራሽ አባሰው። «የጥሪውን ጥቅል ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሰጠሁት። ተነሥቶ ቆሞ፣ በሁለት እጁ ነው የተቀበለኝ» አለን፣ ደስ ብሎት። እኔና ጓደኛዬ ተያየን። ሊቀመንበር ማለት ለገጠር ሰው መንግሥት ማለት ነው። እስከ ሠርጉ ቀን ድረስ ጓደኛዬ እህል በቅጡ አልቀመሰችም። እኔም መሳቢያዬን ከፍቼ እነዚያን የተለጠፉ ስቴንስሎች ባየሁ ቁጥር በጥፊ ልላቸው ይቃጣኛል።

እሑድ ደረሰ። በጎንደር ሠርግ አራት ሰዓት ማለት ሰባት ሰዓት ማለት ነው፤ ይሄን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ላይ ዳሱ ገና ግማሹ ክፍት ነው፤ ጎረምሶቹ ሸራ ይወጥራሉ፣ ሴቶቹ ወጡን ያማስላሉ፣ ሙሽራዋ ጸጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ ተቀምጣለች። እናቴ ከደጅ እየሮጠች ገባች። «ኧረ ልጆቼ፣ አገር ሁሉ በራችን ላይ ቆሟል!»

ወጥቼ አየሁ። ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው በአጥሩ ሥር፣ ዱላውን ተደግፎ፣ እንደ ዘይትና ስኳር ሰልፍ አንድ በአንድ ተሰልፏል። ከፊት ያለው ጎልማሳ ያቺን ወረቀት በእጁ ይዟል፤ ሊቀመንበሩ ነው። «ጤና ይስጥልን። ሁሉንም ይዤ መጥቻለሁ፤ የቀረ የለም። የይለፍ ወረቀታቸውን ያለ አንድ ቃል ነው የሰጠኋቸው። መዝጋቢው የታለ?» አለኝ። እኔ ዳሱን አየሁ፣ እሱም ዳሱን አየ። «ሠርግ ነው እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ የ… ሠርግ ነው» አልኩ። ጥቂት አሰበና «ደግ! አጀንዳው ምሳ ነው በሉኛ!» ብሎ ወደ ሰልፉ ዞሮ አወጀው። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ፤ ግን ማንም ቦታውን አልለቀቀም። መመዝገብ አለ ተብሏላ!

ምን ላድርግ፣ በርጩማ አስመጥቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀት ብፈልግ ቦርሳዬ ውስጥ ያገኘሁት እነዚያን በመቀስ የቆረጥናቸውን ግርጌዎች ነው። በጀርባቸው ላይ የእንግዳውን ሁሉ ስም ጻፍኩ። አጎት፣ አክስት፣ የክርስትና አባት፣ የንስሐ አባት ሳይቀሩ፤ ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመውኝ ስማቸውን ነግረውኝ ገቡ። ከሰልፉ መጨረሻ ረጅም፣ ሸበቶ ሰውዬ፣ ዳዊታቸውን በማኅደሩ አንግተው ቀረቡ። ከመልካቸው አወቅኋቸው፤ ዓይናቸው የጓደኛዬ ዓይን ነው።

«አያ፣ ስምዎን?» አልኩ።

«ጻፊኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «መጥቷል በይ። እኔ አልመጣም ብዬ ተገዝቼ ነበር። መንግሥት ሲጠራ ግን ምን ይደረጋል? ቀረ ተብዬ ኃላፊነት ይምጣብኝ?»

ስማቸውን ጽፌ ሳልጨርስ ጓደኛዬ ከኋላዬ መጣች። ግማሽ ጸጉሯ እንደተበተነ፣ ጥፍሯም የአንድ እጇ ብቻ ቀይ ሆኖ፣ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። አባትየው ኮስታራ ለመምሰል ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው «ውለጅ፣ ክበጅ። ጋብቻሽን የአብርሃምና የሣራ ያድርገው። ክፉ አይይሽ» አሉ፣ እንግዳው ሁሉ በየቃሉ አሜን አለ። እኔ አለቀስኩ፣ እናቴ አለቀሰች፣ ሊቀመንበሩ ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ። ያን ቀን የሙሽራዋ ወገን የሚቀመጥበት ጠፍቶ ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ተዋስን።

የከተማው እንግዳ እንደ ወጉ ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። ኃላፊያችን ገብተው ዳሱ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ቢያዩ ተገረሙ። ከአንዱ ሽማግሌ እጅ ያቺን ወረቀት ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። መፈክር በሠርግ ጥሪ ላይ መቀለጃ አደረግሽ ብባል ምን እመልሳለሁ? እሳቸው ግን ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ምነው ታዲያ የእኛ ስብሰባ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም?» አሉኝ። ለካ መቀለድም ይችሉበታል።

አንድ ነገር ግን እየከነከነኝ ሄደ። ሰውየው ግዝታቸውን የጣሱት መንግሥት ጠራኝ ብለው ነው። ነገ አገራቸው ገብተው የታይፒስት ስህተት መሆኑን ቢሰሙስ? ግዝቱ ተመልሶ እላያቸው ላይ ሊወድቅ አይደል? ከዳሱ ጥግ ጠላቸውን ይዘው ከተቀመጡበት ሄጄ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አልኩ። «ያ ወረቀት የመንግሥት አይደለም። ግርጌው በስህተት…»

«ቀስ በይ! ቀስ ብለሽ ተናገሪ!» አሉኝ፣ ዙሪያቸውን ገልመጥ አድርገው። «አንች ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሸጋ ጽሕፈት ነው። ዳዊት ለደገመ ዓይን አይከብድም።»

አፌን ከፍቼ አየኋቸው። «ላይኛውን… ሠርግ የሚለውን… አንብበውታል?»

«ታዲያ ማን አነበበው ብለሽ ነው? ሊቀመንበራችን መሠረተ ትምህርት ገና ሀ ሁ ላይ ነው፤ ወረቀት ሲመጣ የማነብለት እኔ ነኝ። ከታች ጀምሬ አነበብሁለት፤ ቀኑንና ቦታውን ብቻ ጨመርሁለት። ታቹን ሲሰማ ላዩን ሳይጠይቅ ሰው ሊጠራ ሮጠ።»

«ንስሐ አባትዎስ?» አልኩ። «እሳቸው ማንበብ አያቅታቸው!»

አባትየው ጠላቸውን ተጎነጩ። ማዶ ተቀምጠው የዶሮ እግር የያዙትን ቄስ በዓይናቸው አመለከቱኝ፤ ቄሱም አይተውን አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉ።

«እሳቸው ዘንድ ስሄድ አናቱን አጥፌ ነው ያሳየኋቸው» አሉኝ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «አነበቡ። 'የመንግሥት ነገር ነው፣ ግዝት አያስርህም፣ ሂድ' አሉኝ። አየሽ ልጄ፣ 'እስቲ ዘርጋው' አላሉኝም።»